ብክነት ቀነስኩ፣ ማሽኑ ግን ቆሞ ዋለ

ሰላም፣ የማስተርስ ጥናቴን ከአንድ ወረቀት ፋብሪካ ጋር እየሰራሁ ነው፣ ትልቁን ጥቅል ደንበኛ ባዘዘው ስፋት እንዴት እንቁረጠው የሚለው ጥያቄ ነው። ጥቅሉ 3.2 ሜትር ስፋት አለው፣ ትዕዛዙ 38 ዓይነት። ጊልሞርና ጎሞሪ እ.ኤ.አ. በ1961 ያወጡትን የኮለም ጀነሬሽን ዘዴ (ሁሉንም አቆራረጥ ከመዘርዘር ይልቅ የሚጠቅመውን ብቻ እየፈለገ የሚጨምር) በፓይተን ጻፍኩት፣ ብክነቱ ከ6% ወደ 2.5% ወረደ፣ በጣም ደስ አለን።

ማሽኑ ላይ ሲሞከር ግን የኔ መፍትሄ 31 የተለያየ አቆራረጥ ይፈልጋል፣ ኦፕሬተሮቹ በልምድ የሚጨርሱት በ12 ነው፣ ቢላ በተቀየረ ቁጥር ደግሞ ማሽኑ 20 ደቂቃ ይቆማል፣ ስለዚህ በወረቀት ያተረፍኩትን በሰዓት ከሰርኩት። መጀመሪያውኑ እነሱን መጠየቅ ነበረብኝ።

የአቆራረጥ ብዛቱን በዜሮ-አንድ ቫሪያብል (አቆራረጡ ከተመረጠ 1፣ ካልተመረጠ 0) ሞዴሉ ውስጥ ከትቼ ሞከርኩ፣ ሶልቨሩ (ሞዴሉን የሚፈታው ሶፍትዌር) 6 ሰዓት ሮጦ ጋፑ (ባገኘው መልስና ሊገኝ በሚችለው ምርጥ ወሰን መካከል ያለው ልዩነት) 18% ላይ ቀረ፣ ፋብሪካው ግን መልሱን በ10 ደቂቃ ነው የሚፈልገው። ተቀራራቢ አቆራረጦችን በእጅ ሳዋህድ ደግሞ አንዳንዱ ትዕዛዝ ከተፈለገው በላይ ይመረታል።

ብክነቱ እስከ 4% ቢደርስ ችግር የለውም ብለውኛል፣ እዚህ ገደብ ውስጥ ሆኜ አቆራረጡን ወደ 15 ለማውረድ አንድ በአንድ እየመረጠ የሚሄድ ሂዩሪስቲክ (ምርጡን ባያረጋግጥም በቂ መልስ በፍጥነት የሚሰጥ ዘዴ) ከዜሮ ልጻፍ ወይስ ያለኝን ውጤት ይዤ ብዛቱን የምቀንስበት የተሻለ መንገድ አለ?