የቢቨር ኩሬን ውሃ ለዳክዬ እንዲስማማ ዝቅና ከፍ ማድረግ፦ መቼና በምን ዘዴ?

ጥያቄ፦ «ባለ ኩሬው»፣ ማዕከላዊ ቨርጂኒያ

ጤና ይስጥልን። በማዕከላዊ ቨርጂኒያ አንዲት ጅረት የምታቋርጠው መሬት አለኝ። ቢቨር የሚባሉት፣ በእንጨትና በጭቃ ግድብ የሚሠሩ እንስሳት ጅረቷን ከገደቧት ዓመታት የተቆጠሩ ሲሆን፣ ውሃው አሁን ወደ ሦስት ሄክታር የሚጠጋ ረባዳ ቦታ ይዟል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኦክቶበር ከገባ ጀምሮ ማላርድና ዉድ ዳክ የሚባለው የዛፍ ዳክዬ በብዛት ይሰፍሩበት ነበር። ውሃው ዓመቱን ሙሉ በአንድ ከፍታ እየቆየ በመሄዱ ግን በውስጡ የቆሙት የኦክ ዛፎች ደርቀዋል፤ ዳር ዳሩን ፊላ ወሮታል፤ መሐሉም ጥልቅና ባዶ ውሃ ሆኗል። ዳክዬዎቹ አንድ ሁለቴ ዞረው ያዩትና ያልፋሉ።

ውሃውን ለመቀነስ ግድቡን በአካፋ ብሸነቁረውም በማግስቱ ጠዋት ሽንቁሩ በጭቃ፣ በተላጠ እንጨትና በፊላ ሥር ተደፍኖ አገኘሁት፤ በእርጥቡ ጭቃ ላይ የፊት እግራቸው ጣቶች ምልክት ሳይቀር ይታይ ነበር። አንድ ጎረቤቴ ቢቨሮቹን አስወግጄ ግድቡን እንዳፈርስ ይመክረኛል። እኔ ግን እንስሳቱ በቦታቸው እንዲቆዩ እፈልጋለሁ። ቢቨሮቹን ሳያባርሩ ውሃውን ማስተዳደር ይቻላል? የሚቻል ከሆነስ በየትኛው ወር ዝቅ አድርጌ በየትኛው ልመልሰው?

መልስ 1፦ «ረግረግ ጠባቂ»፣ ጆርጂያ

ጎረቤትዎ የነገሩዎት መፍትሔ ችግሩን ከነኩሬው የሚያጠፋ ነው። የቢቨር ግድብ በየጊዜው የሚጠግነው ካጣ ማፍሰስ ይጀምራል፤ ውሎ አድሮም ይፈርሳል፤ እርስዎ የሚፈልጉት ውሃም አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ግድቡን የመጠበቁን ሥራ ለቢቨሮቹ ትተው የውሃውን ከፍታ ብቻ በእጅዎ ማስገባት ይሻልዎታል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዳክዬ የበዛበት ምክንያት ግልጽ ነው። መሬት አዲስ በውሃ ሲሸፈን የቆየው ሣርና ቅጠል ይበሰብሳል፤ የበሰበሰውን የሚመገቡ ጥቃቅን የውሃ ነፍሳት ይራባሉ፤ በዙሪያው ያለው የሣር ፍሬም ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ውሃው ለዓመታት ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ ግን የታችኛው ጭቃ አየር ያጣል፤ መበስበሱም ይዘገያል፤ ፍሬ የሚሰጡት ዓመታዊ ተክሎችም ለመብቀል እርቃኑን የወጣ እርጥብ አፈር ስለሚፈልጉ ከነጭራሹ ይጠፋሉ። ዘራቸው ግን በጭቃው ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት የሚቆይ በመሆኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ ውሃውን ዝቅ ከማድረግ በቀር ሌላ ድካም አይጠይቅም።

ዘዴውን በተመለከተ፣ በደቡብ ካሮላይና የሚገኘው ክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀውና «የክሌምሰን ማስተካከያ» በመባል የሚታወቀው ቱቦ ለእንዲህ ዓይነቱ ኩሬ የታሰበ ነው። ቢቨር ግድቡ የሚያፈስበትን ቦታ የሚያገኘው በውሃው ድምፅና ግፊት በመሆኑ፣ የቱቦው አሠራር እነዚህን ሁለቱን ከእንስሳው መሰወር ነው። የመግቢያው ክፍል 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ ዙሪያውን በብዙ ቀዳዳዎች የተበሳሳ የፒ.ቪ.ሲ. ቱቦ ነው፤ እሱም በሽቦ መረብ በተሠራ በርሜል መሰል አጥር ውስጥ ሆኖ ከግድቡ ራቅ ብሎ፣ ጥልቀት ባለበት ቦታ ይቀመጣል። ውሃው በእነዚያ ሁሉ ቀዳዳዎች ተከፋፍሎ ስለሚገባ ቢቨሩ «እዚህ ጋ ይስባል» ብሎ የሚደፍነው አንድ ቦታ አያገኝም። ከዚያ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ድፍን ቱቦ በግድቡ ሆድ ውስጥ አልፎ ከታች በኩል ይወጣል። መውጫው ጫፍ ላይ ጎሚቶ (የታጠፈ የቱቦ መገጣጠሚያ) ተገጥሞ ከላዩ ቀጥ ያለ ቱቦ ይተከልበታል፤ የኩሬውን ከፍታ የሚወስነውም የዚህ የቆመው ቱቦ ቁመት ነው። ቱቦውን ሲያስረዝሙት ውሃው ይይዛል፤ ሲያሳጥሩት ወይም ጎሚቶውን ወደ ጎን ሲያዞሩት ይወርዳል። የእርስዎን ጥያቄ ግማሹን የሚመልሰው ይህች ጎሚቶ ናት።

ይሁን እንጂ አንድ ቱቦ የጅረቷን የዘወትር ፍሰት እንጂ የከባድ ዝናብን ጎርፍ አይችልም። ጎርፉ በግድቡ አናት ላይ ይሄዳል፤ ያም ችግር የለውም። ውሃው የበዛ ጅረት ከሆነ ከአንድ በላይ ቱቦ ያስፈልጋል። ደግሞም ቢቨሮቹ የውሃውን መቀነስ አይተው ከመውጫው በታች ሌላ ግድብ ሊሠሩ ስለሚችሉ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የታችኛውን ጅረት እየዞሩ መመልከት ያስፈልጋል።

ጊዜን በተመለከተ፣ እኔ የማውቀው የተለመደው አሠራር ከሜይ ጀምሮ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ማውረድ ነው። በአንድ ጊዜ ከለቀቁት ጭቃው ቶሎ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ አረሙም ይቀድማል። ቀስ እያለ ሲወርድ ግን በየቀኑ አዲስ እርጥብ ጠርዝ ስለሚወጣ፣ የሚበቅለው ተክል ዓይነቱም ዕድሜውም የተለያየ ይሆናል። ቀድሞ የወጣው መሬት ስማርትዊድ የሚባለውን ተክል ያበቅላል፤ ቀጥሎ የዱር ሚሌት የሚባለው ደቃቅ ፍሬ ያለው ሣር ይመጣል፤ ዘግይቶ በወጣው ላይ ደግሞ ቢደንስ ይበዛል። ቢደንስ ከእኛው አደይ አበባና ልብስ ላይ ከሚጣበቀው ጨጎጊት ጋር አንድ ወገን ነው፤ ፍሬውን ዳክዬ ይወደዋል። ከኦክቶበር ጀምሮ የቆመውን ቱቦ በየደረጃው እያስረዘሙ ውሃውን ይመልሱ። ማላርድና የመሳሰሉት አንገታቸውን አጥልቀው የሚለቅሙ ዳክዬዎች በደንብ የሚመገቡት ከ10 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር በሚደርስ ውሃ ውስጥ በመሆኑ፣ ባንድ ቀን ከመሙላት ይልቅ በየሳምንቱ አዲስ ዳር እንዲሸፈን ማድረግ ምግቡን እስከ ብርዱ ወራት ያቆየዋል።

መልስ 2፦ «የሐይቆቹ አገር»፣ ሚኒሶታ

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ እስማማለሁ፤ ከሰሜን በኩል አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በእኛ አካባቢ ኩሬው ለወራት በበረዶ ይሸፈናል። ቢቨሮች ለብርዱ ወራት የሚሆናቸውን ቅርንጫፍ ከጎጇቸው አጠገብ ውሃ ውስጥ ያከማቻሉ፤ የጎጇቸው በርም ከውሃው በታች ነው። ቅዝቃዜው ከጀመረ በኋላ ውሃ ያወረደ ሰው ምግባቸውን ከበረዶው ጋር አጣብቆ በራቸውን ይዘጋባቸዋል ወይም ለአዳኝ አውሬ ያጋልጠዋል። በጭቃው ውስጥ ገብተው የሚከርሙ እንቁራሪቶችና ኤሊዎችም ይቀዘቅዛሉ። ቨርጂኒያ እንደ እኛ ባይሆንም መርሁ ያው ነው፤ ማውረዱ በሙቀት ወራት ተጀምሮ በሙቀት ወራት ያልቅ። በጎጆው አካባቢ ደግሞ በማንኛውም ወቅት አንድ ሜትር ገደማ ጥልቀት ይተዉ፤ በራቸው ከውሃ በላይ ከዋለ ወይ ጥለው ይሄዳሉ፣ ወይ የእርስዎን ቱቦ ለመድፈን ሌት ተቀን ይሠራሉ።

መልስ 3፦ «ወፍ ተመልካች»፣ ሜሪላንድ

«ረግረግ ጠባቂ» ስለ ቱቦው በጻፉት ላይ ተቃውሞ የለኝም፤ በሜይ ወር ላይ ግን አለኝ። ሁላችንም የምናወራው በመኸር ስለሚመጣው ዳክዬ ነው፤ የቢቨር ኩሬ ትልቁ ጥቅም ግን እዚያው ለሚፈለፈለው ዉድ ዳክ ነው። ይህ ወፍ በዛፍ ንቃቃት ውስጥ ይጥላል፤ ጫጩቶቹ በተፈለፈሉ በማግስቱ ከዛፉ ዘለው ወደ ውሃ ይገባሉ፤ ለመብረርም ሁለት ወር ያህል ይፈጅባቸዋል። በዚያ ጊዜ ሁሉ የሚበሉት በአብዛኛው የውሃ ነፍሳት ሲሆን፣ ከአዳኝ የሚሸሸጉትም ውሃ ውስጥ በቆመ ቁጥቋጦና በወደቀ ግንድ መካከል ነው። በሜይ ውሃውን ሲያወርዱት ቁጥቋጦው ደረቅ መሬት ላይ ይቀራል፤ ጫጩቶቹም ገላጣ ውሃ ላይ ይወጣሉ፤ ከዚያ የሚያተርፈው ራኩን የሚባለው ትንሽ አውሬና ጭልፊት ነው።

ይህ ወፍ በአንድ ወቅት ሊጠፋ ተቃርቦ ከ1918 እስከ 1941 ድረስ በአሜሪካ እንዳይታደን የተከለከለ እንደነበር ማስታወስ ይገባል። ስለዚህ በእኔ እምነት ኩሬው እስከ ጁላይ መጀመሪያ መነካት የለበትም። ስማርትዊዱ ሊቀንስ ይችላል፤ ሚሌቱና ቢደንሱ ግን በቂ ጊዜ አላቸው። የደረቁትን የኦክ ዛፎችም አይቁረጧቸው፤ እስከቆሙ ድረስ ንቃቃታቸው ጎጆ ነው። የእንጨት ሣጥን መስቀል ከፈለጉ መግቢያው 10 ሴንቲ ሜትር በ7.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሞላላ ይሁን፤ ምሰሶው ላይም ራኩንና እባብ እንዳይወጡ የቆርቆሮ ሾጣጣ ይግጠሙ። ያለ ሾጣጣው ሣጥኑ ባይሰቀል ይሻላል።

ጠያቂው፦ «ባለ ኩሬው»

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጁላይን ሐሳብ እቀበላለሁ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ በሚወጣው ጭቃ ላይ የጃፓን ሚሌት የሚባለውን እንደ ዳጉሳ ደቃቅ የሆነ እህል ብዘራበት ይጠቅማል? ሁለተኛ፣ እኔ ዳክዬውን ማየት እንጂ ማደን አልወድም፤ ነገር ግን በብርድ ወራት ቦታውን ለአዳኞች ስለማከራይ ሕጉ ምን እንደሚል ማወቅ እፈልጋለሁ።

መልስ 4፦ «ረግረግ ጠባቂ»፣ ጆርጂያ

«ወፍ ተመልካች» ስለ ጫጩቶቹ የጻፉት ትክክል ነው፤ ዳክዬ ጎጆ ለሚሠራበት ኩሬ ጁላይ ይሻላል። ለመኸር መጤዎች ብቻ ተብሎ በሚያዝ ኩሬ ግን በሜይ ሐሳቤ እጸናለሁ። የእርስዎ ቦታ ዳርቻው ረባዳ ከሆነ አርባና ሃምሳ ሴንቲ ሜትር ብቻ በማውረድ ጠርዙን አጋልጠው መሐሉን ከነቢቨሮቹ ጎጆ በውሃ እንደተሸፈነ መተው ስለሚችሉ፣ «የሐይቆቹ አገር» ያሉትም አብሮ ይሟላል።

የጃፓን ሚሌት በሁለት ወር ገደማ ይደርሳል፤ እርጥብ ጭቃ ላይ ሳይታረስ በእጅ ቢበተንም ይበቅላል። በጁላይ መጨረሻ ከዘሩት ቁሩ ሳይመታው ፍሬ ይይዛል። እኔ ግን በመጀመሪያው ዓመት ሳይዘሩ መሬቱ ራሱ ምን እንደሚያበቅል ቢያዩ እመርጣለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የዘሩ ወጪ የሚያስፈልገው ባዶ ሆኖ ለሚቀረው ቦታ ብቻ ነው።

ሕጉን በተመለከተ፣ ተሰዳጅ ወፎችን የሚመለከተው የፌዴራል ደንብ በራሱ የበቀለን ተክልና የተዘራን እህል ይለያል። በራሱ የበቀለውን ቢያጭዱትም ቢጨፈልቁትም በላዩ ማደን ይፈቀዳል። በዚያው ዓመት የተዘራ ሚሌት ግን እንደ እርሻ ሰብል ስለሚቆጠር፣ እንደቆመ ውሃ ከሞሉበት ይታደንበታል፤ አጭደው ወይም ረግጠው ፍሬውን ካረገፉት ግን ቦታው እንደ ማጥመጃ ይቆጠርና አዳኞችዎ ይጠየቃሉ። ሚሌቱ በሚቀጥሉት ዓመታት ሳይዘራ ራሱ ከበቀለ እንደ ተፈጥሮ ተክል ይታያል። ለቱቦው ተከላ የሚያስፈልገው ፈቃድ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ስለሚለያይ ቁፋሮ ከመጀመርዎ በፊት የቨርጂኒያን የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ይጠይቁ። ወደ ረግረጉ አፈር ወይም ድንጋይ የሚጨምሩ ከሆነ ደግሞ የፌዴራሉ የንጹሕ ውሃ ሕግ ሊመለከትዎ ስለሚችል፣ ግድቡን በአፈር ከማጠናከር ይልቅ በቱቦው ብቻ ይወሰኑ።