የራሴን ፕሌየር ልሥራ ወይስ በኮንታክት ልልቀቅ?

ፔዳልና ገመድ ጠየቀች፦

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ አሮጌ አፕራይት ፒያኖ በኮምፒውተር እንዲጫወት፣ የድምፅ ቅጂዎቹን (ሳምፕሎቹን) በላይብረሪ መልክ ላወጣ ስቀዳ ስምንት ወር አለፈኝ። 88ቱም ቁልፎች፣ እያንዳንዳቸው በ8 ቬሎሲቲ (የአነካክ ጥንካሬ)፣ በ2 ራውንድ ሮቢን (ኖታው ሲደጋገም የሚፈራረቁ ቅጂዎች)፣ በ3 ማይክ። ሲባዛ 4,224 ፋይል ነው። አንዱ በአማካይ 12 ሰከንድ ይረዝማል፣ 24 ቢት፣ 48 ኪሎኸርዝ፣ ስቴሪዮ። ጠቅላላው ወደ 14 ጊጋ ተኩል ሆነ። ከመካከለኛው ዶ በላይ ያለችው ፋ ስትለቀቅ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ትላለች። አላጠፋኋትም። እንዲያውም ሥራውን የጀመርኩት በእሷ ምክንያት ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ጥያቄው በምን ፕሌየር፣ ማለትም ሳምፕሉን በሚያጫውት በምን ፕሮግራም ላውጣው ነው። ኮንታክት በሚባለው ዝግጁ ፕሮግራም ከሠራሁት፣ በነጻው ኮንታክት ፕሌየር እንዲከፈት ከኔቲቭ ኢንስትሩመንትስ ጋር የላይሰንስ ስምምነት ያስፈልገኛል። ያለዚያ የሚጠቀመው ሙሉውን ኮንታክት የገዛ ሰው ብቻ ነው። በነጻው የከፈተው 15 ደቂቃ ይቆጥርለትና ዝም ይላል።

ትልልቆቹን ላይብረሪ ሠሪዎች ሳይ ደግሞ ብዙዎቹ ወደየቤታቸው ገብተዋል። ስፒትፋየር ከ2018 ጀምሮ በራሱ ፕለጊን (በሙዚቃ ፕሮግራም ውስጥ በሚከፈት ፕሌየር) መልቀቅ ጀመረ (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ኦርኬስትራል ቱልስ ሳይን የሚባል የራሱ ፕሌየር አለው። ኢስትዌስት በ2021 ኦፐስን አወጣ። ስፔክትራሶኒክስማ በ2008 ኦምኒስፌርን በራሱ ሞተር ካወጣ ቆየ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ?

ሲ ፕላስ ፕላስ በሚባለው የኮድ ቋንቋ እሞካክራለሁ። ጁስ የሚባለውን የድምፅ ፕሮግራም መሥሪያ ፍሬምወርክ አውርጄ፣ ቁልፍ ስነካ ድምፅ የሚያወጣ ነገር በሁለት ቅዳሜ ሠርቻለሁ። ሁለት ወር ብሰጠው የሚያልቅ ይመስላችኋል? ያለፈበት ሰው ካለ እስኪ ይንገረኝ።

ሃያ ሰባት ትራክ፦

እኔ ገዢ ነኝ እንጂ ሠሪ አይደለሁም። ኮምፒውተሬ ላይ ሰባት ፕሌየር አለ። ሰባቱም የየራሳቸው አካውንት፣ የየራሳቸው ዳውንሎደር አላቸው። ባለፈው አንድ የቫዮሊን ላይብረሪ ሩብ ድምፅ ዝቅ ላደርግ ፈልጌ የቲውኒንግ ቦታውን ለማግኘት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ሴቲንግ ውስጥ፣ ሴቲንጉም በትንሽ የጥርስ ምልክት ሥር ተሸሽጎ። ኮንታክት ቢሆን ዓይኔን ጨፍኜ አገኘው ነበር።

አንዳንዱ ጥሩ ነገር እንደሚያመጣ አልክድም። በሳይን አንድ መሣሪያ ብቻ ነጥሎ መግዛት ይቻላል፣ ባሶን ስፈልግ ሙሉ ኦርኬስትራ አልገዛም። ግን እህቴ፣ እባክሽ ስምንተኛ ፕሌየር አታምጪብን።

ዝምታ በ24 ቢት፦

እህቴ፣ እኔ አልፌበታለሁ። ሦስት ሆነን የራሳችንን ፕሌየር ሠርተን ከ2017 እስከ 2022 ሸጠናል። ትንሽ ስለማረዝም ይቅርታ።

ትልልቆቹ የሄዱት የላይሰንስ ክፍያ ለመሸሽ ብቻ አይደለም። ጊጋ በሚባለው የድሮ ፕሌየር ላይ የደረሰውን ያዩ ሰዎች ናቸው። ጊጋሳምፕለር በ1998 ሲወጣ፣ ሳምፕሉን ሙሉ በሙሉ ራም ላይ ሳይጭን ከዲስክ እያነበበ ያጫውት ነበር። ለዚያ ዘመን ጉድ ነው። ሰው ሁሉ ላይብረሪውን ለእሱ ሠራ። ኋላ ጊጋስቱዲዮ ሆነ፣ ታስካም የሚባል ኩባንያ እጅ ገባ፣ በ2008 ተቋረጠ። ቪየና ሲምፎኒክ ላይብረሪ የሚባሉትም መጀመሪያ ለጊጋ ይሠሩ ነበር፤ ግን ቀደም ብለው የራሳቸውን ፕሌየር ስላወጡ አልነካቸውም። ተከራይ ሆነሽ አከራዩ ቤቱን ሲዘጋው ምን ታደርጊያለሽ? ስለዚህ ፍርሃቱ የእውነት ነው።

ወደ አንቺ ልምጣ። ያ በሁለት ቅዳሜ የሠራሽው ነገር ሳምፕሉን እንዳለ ራም ላይ ጭኖ ሳይሆን አይቀርም። 14 ጊጋ ተኩል ግን እንደዚያ አይጫንም። የእያንዳንዱን ፋይል መጀመሪያ ብቻ ትጭኛለሽ፣ የቀረውን ቁልፉ ሲነካ ከዲስክ ታስመጫለሽ። ከእያንዳንዱ 64 ኪሎባይት ብትጭኚ ጠቅላላው 264 ሜጋባይት ራም ነው። ደስ ይላል። ነገር ግን በአንቺ ፎርማት 64 ኪሎባይት ማለት 0.23 ሰከንድ ድምፅ ነው። ዲስኩ በዚያች ጊዜ ውስጥ ካልደረሰ አለቀ።

አሁን ፔዳሉን ረግጦ የማይለቅ ሰው አስቢ። 60 ኖታ በአንድ ላይ ይንጠለጠላል። በ3 ማይክ 180 ፋይል። በሰከንድ 52 ሜጋባይት ገደማ። ለኤስኤስዲ ቀልድ ነው። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ግን ከፋይል ፋይል ለመዝለል 10 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። 180ውን አንድ ዙር ለማዳረስ 1.8 ሰከንድ። ሁሉም በአንድ ቅጽበት ባይጀምሩም ሂሳቡ ይጨንቃል። ሰው ደግሞ ላይብረሪ የሚያስቀምጠው የት ነው? ከአሮጌ ላፕቶፕ ወጥቶ በዩኤስቢ በተሰካ ዲስክ ላይ።

በዚያ ላይ ባፈሩ (በአንዴ የሚቀርበው የድምፅ ቁራጭ) 256 ከሆነ በየ5.3 ሚሊሰከንዱ ድምፅ ማቅረብ አለብሽ። እዚያ ውስጥ ዲስክ ማንበብ የለም። አዲስ ሜሞሪ መጠየቅ የለም። ሌላ ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ የፕሮግራሙ ክፍል) ሥራውን እስኪጨርስ መጠበቅ የለም። አንዷን ከረሳሽ፣ ደንበኛው "ጠቅ ጠቅ ይላል" ብሎ ይጽፍልሻል፣ አንቺ ጋ ግን ጠቅ አይልም።

እንቅልፍ የነሳኝን ልንገርሽ። በለቀቅን በሁለተኛው ወር አንድ ደንበኛ "ስጫወተው ልክ ነው፣ ባውንስ ሳደርገው (ወደ ድምፅ ፋይል ሳወጣው) ባር 41 ላይ ግራ እጁ ይጠፋል" ብሎ ጻፈልን። ፕሮጀክቱን ላከልን። ተጫወትኩት፣ ልክ ነው። ባውንስ አደረግኩት፣ ልክ ነው። ሰውየውን በሆዴ ጠረጠርኩት፣ እውነቱን ለመናገር። በዘጠነኛው ቀን ላይብረሪውን ወደ አሮጌ ዲስክ ገልብጬ እንደገና ባውንስ ሳደርገው ባር 41 ላይ ግራ እጁ የለም። በአሥራ አንደኛው ቀን ምክንያቱን አገኘሁት።

ነገሩ ወዲህ ነው። ዳው (ሙዚቃ የሚሠራበት ፕሮግራም) ባውንስ ሲያደርግ ሙዚቃው በሚሄድበት ፍጥነት አይሄድም። ሲፒዩው በቻለው መጠን ይሮጣል፤ የአራት ደቂቃውን ዘፈን በሃያ ሰከንድ ይጨርሰዋል። ፕሌየራችን ደግሞ "ዲስኩ ካልደረሰ ኖታውን ዝለለው" ተብሎ ነው የተጻፈው። በቀጥታ ሲጫወቱ ትክክለኛው ይኼ ነው፣ የሚጠበቅበት ጊዜ የለማ። ባውንስ ላይ ግን ማንም አይቸኩልም፣ ቆሞ መጠበቅ ነበረበት። ዳው "አሁን ኦፍላይን ነኝ" (በቀጥታ እየተጫወትኩ አይደለም) ብሎ ለፕለጊኑ ይነግረዋል፣ እኛ አልሰማነውም። ማስተካከያው አራት መስመር ኮድ ነበር። በኮንታክት ሠርቼው ቢሆን እንዲህ የሚባል ችግር መኖሩንም አላውቅም ነበር።

የፎልደር ስም ጣጣም አለ። የዊንዶውስ ተጠቃሚ ስሙን በግዕዝ ፊደል የጻፈ ሰው "ሳምፕል አልተገኘም" ይለው ነበር። የራሴ ፊደል! የፋይል አድራሻውን በላቲን ፊደል ብቻ እንዲያነብ አድርጌ የጻፍኩት እኔው ነኝ።

ከሁሉም የከፋው ግን ማለቂያ የሌለው ነው። በ2018 ጥቅምት ስታይንበርግ ቪኤስቲ 2 ለሚባለው የድሮ የፕለጊን ፎርማቱ አዲስ ስምምነት መስጠት አቆመ። ከዚያ አፕል ሶፍትዌርሽን ለእሱ ልከሽ ካላረጋገጠ አላስከፍትም አለ። በ2020 ህዳር የአፕሉ ኤም 1 መጣ፣ ለአዲሱ ቺፕ እንደገና ገንቡት ተባልን። ፕሮ ቱልስ የሚባለው ዳው ላይ እንዲከፈት ደግሞ ፕለጊኑን ለብቻው በዲጂታል ፊርማ ማስፈረም አለ። ከሦስታችን አንዱ፣ ጆሮው ከሁላችንም የሚሻለው፣ አንድ ኖታ ሳይቀዳ ሁለት ዓመት እነዚህን ሲያባርር ኖረ። ዋቭ ፋይሉ እኮ ምንም አልሆነም። እንደቀዳነው ነው። የሚያረጀው ዙሪያው ነው።

ስንዘጋ፣ የመጨረሻውን ቨርዥን ከሰርቨር ጋር ሳይነጋገር እንዲከፈት አድርገን ለቀቅነው። ቢያንስ የገዛው ሰው ሜዳ ላይ አልቀረም። ደስ ያለኝ ነገርም አለ። ግማሽ ፔዳልን (ፔዳሉ በከፊል ሲረገጥ የሚሆነውን) እኛ እንደፈለግነው ሠርተነዋል፣ ዛሬም እኮራበታለሁ።

ያንቺ ግን አንድ ፒያኖ ነው፤ እኔ ብሆን ለአንድ ፒያኖ ብዬ የራሴን ፕሌየር አልሠራም። መጀመሪያ በዴሰንት ሳምፕለር ልቀቂው። ፕሌየሩ ነጻ ነው፣ ፎርማቱም ተራ ጽሑፍ ነው። ከጎኑ ኤስኤፍዜድ ጨምሪበት። እሱም በኖትፓድ የሚከፈት ጽሑፍ ነው፣ የሚያጫውቱት ፕሌየሮች ብዙ ናቸው። ማፒንጉን (የትኛው ፋይል በየትኛው ቁልፍ እንደሚሰማ) በእጅሽ አትሥሪው። የፋይሉ ስም ላይ ኖታውን፣ ቬሎሲቲውን፣ ራውንድ ሮቢኑንና ማይኩን ጻፊ፣ ከዚያ አንድ ትንሽ ስክሪፕት ለሁሉም ፎርማት ያውጣልሽ። ነገ ኮንታክት ካማረሽ ስክሪፕቱ ላይ አንድ መውጫ መጨመር ነው። ስሞቹ በላቲን ፊደል ይሁኑ፣ ከላይ ባልኩሽ ምክንያት።

ሲሲ ስልሳ አራት፦

አንድ ነገር ልጨምር። የራሴ ይሁን ካልሽ ሃይስ የሚባለውን የፕሌየር መሥሪያ እዪው። ኮዱ ክፍት ነው፣ ከዲስክ ማስመጣቱ፣ ራውንድ ሮቢኑ፣ ስክሪፕቱ ሁሉ ተሠርቶ ይመጣል። ኮድሽን ዘግተሽ ልትሸጪ ከሆነ ግን የንግድ ላይሰንሱን መውሰድ አለብሽ፣ በጂፒኤል (ኮድሽንም ክፍት እንድታደርጊ በሚጠይቀው ነጻ ላይሰንስ) ብቻ አይሆንም። ከሥሩ ያለው ያው ጁስ ስለሆነ የእሱንም ላይሰንስ አንብቢ። እኔ አንድ ጊታር አውጥቼበታለሁ። ድምፁ አላስቸገረኝም። ማስፈረሙና ኢንስታለሩ ነው ሁለት ሳምንት የበላኝ። እሱን ሃይስም አይሠራልሽም።

ፔዳልና ገመድ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ወር ያልኩትን እንዳልሰማችሁ እለፉት። ዝምታ፣ ያንተን ካነበብኩ በኋላ ሄጄ አየሁት፣ አዎ፣ ሁሉንም ራም ላይ ነበር የሚጭነው። አሥር ቁልፍ ብቻ ስለነበር ነው የሠራው።

በዴሰንት ሳምፕለር ልጀምር ነው። ስክሪፕቱን ዛሬ ማታ ጽፌ 4,224ቱንም ስማቸውን ቀይሬያለሁ። ሰባቱ ተደግመው ተገኙ፣ ስምንት ወር ሙሉ አላየኋቸውም!

አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ። የሪሊዝ ሳምፕሉ፣ ያቺ ፋ ስትለቀቅ የምታወጣው ሲጥታ፣ መቼ ይሰማ? ፔዳል ተረግጦ እያለ ጣት ከቁልፉ ሲነሳ ነው ወይስ ፔዳሉ ሲነሳ? እንደ አንድ ፋይል ነው የቀዳሁት፣ በሁለቱም ስሞክረው ያስጠላል።

ዝምታ በ24 ቢት፦

ሁለት ድምፅ ስለሆነ ነው። ቁልፉ ሲመለስ የሚሰማው የእንጨቱና የመካኒኩ ድምፅ ነው። እሱ ፔዳል ኖረም አልኖረም ጣት ሲነሳ መውጣት አለበት። ዳምፐሩ (ገመዱን ዝም የሚያሰኘው) ገመዱ ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ደግሞ ሌላ ነው። ፔዳል ተረግጦ ከሆነ ፔዳሉ እስኪነሳ ይጠብቃል። በሁለት ግሩፕ ክፈያቸው። ያንቺ ሲጥታ ከየትኛው ነው የሚመጣው?

ፔዳልና ገመድ፦

አሁን ክዳኑን ከፍቼ በባትሪ አየሁት። ከቁልፉ ነው። ፔዳሉን ረግጬ ፋን ነክቼ ስለቅ ገመዱ እየጮኸ ሲጥ ይላል። በቀረጻው ላይ ግን ዳምፐሩም አብሮ ስላለ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ነገ ማይኩን መልሼ እተክልና 88ቱንም ሪሊዝ ፔዳል ረግጬ እንደ አዲስ እቀዳለሁ። ፋን መጀመሪያ።