በ1850 ቆጠራ ከተገኙት ሁለት ልጆች የባለቤቴ ምንዥላት የትኛው ነው?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። አሜሪካዊው ባለቤቴ የምንዥላቱን ወላጆች እንድፈልግለት ጠይቆኝ ከጀመርኩ ከርሜያለሁ። ሰውየው በ1870 እና በ1880 የሕዝብ ቆጠራ ኦሃዮ ውስጥ ገበሬ ተብሎ ተመዝግቧል፤ የተወለደው ፔንሲልቬኒያ ሲሆን የአባቱ የትውልድ አገር አየርላንድ ነው። ነገር ግን በ1850 ቆጠራ በሁለት የፔንሲልቬኒያ ካውንቲዎች ስማቸውም ዕድሜያቸውም ከእርሱ ጋር የሚገጥም ሁለት ልጆች አገኘሁ፤ የሁለቱም አባወራ የአየርላንድ ተወላጅ ነው። በእርስ በርስ ጦርነቱ ከሰሜኑ ጦር ጋር ዘምቷል ሲባልም በቤተሰቡ ይወራል። በምን ልለየው?

የመጀመሪያው መላሽ፦
የ1850 ቆጠራ ነጻ ሰዎችን ሁሉ በየስማቸው በመመዝገብ የመጀመሪያው ቢሆንም፣ ለአባወራው ምኑ እንደሆኑ አይናገርም፤ ዝምድና መጻፍ የተጀመረው በ1880 ነው። ስለዚህ አባት ነው ብለው የያዙት ሰው አጎት ሊሆን ይችላል። እኔ ብሆን ሁለቱንም ልጆች እስከ 1870 እከተላቸው ነበር፤ አንደኛው በዚያ ዓመት ጎልማሳ ሆኖ ፔንሲልቬኒያ ከተገኘ እርሱን መተው ነው። (አንድ ሰው ሁለት ቦታ የተቆጠረበት ጊዜ ስላለ፣ የሚስቱንና የልጆቹን ስም ሳያስተያዩ አይደምድሙ።)

ሁለተኛው መላሽ፦
ዘምቷል ከተባለ የጡረታ ፋይሉ ይቅደም እላለሁ። የ1890 ቆጠራ በ1921 ዋሽንግተን ውስጥ በተነሣው እሳት ምክንያት በአብዛኛው ቢጠፋም፣ በዚያው ዓመት ለሰሜኑ ጦር ዘማቾችና ለመበለቶቻቸው ለብቻ ከተዘጋጀው መዝገብ የኦሃዮው ክፍል ተርፏል፤ ከእርሱ ሬጅመንቱን (የዘመተበትን የጦር ክፍል) ካገኙ ፋይሉን ከብሔራዊ ቤተ መዛግብት ማስፈለግ ይቀላል። ሚስቱ ከእርሱ በኋላ ኖራ ጡረታ ጠይቃ ከሆነ ደግሞ እሰየው፤ መበለት ጋብቻዋን ማስረዳት ስለነበረባት፣ ዘመዶችና ጎረቤቶች በመሐላ የሰጡት ቃል ብዙ ጊዜ አብሮ ይገኛል።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንደኛው ልጅ በ1870 ሚስት አግብቶ እዚያው ፔንሲልቬኒያ ተገኘ፤ የሚስቱም ስም የተለየ ነው። የቀረው በ1860 ከእናቱ ጋር ሲኖር አባወራው ግን የለም።

የመጀመሪያው መላሽ፦
ሰውየው በመካከሉ ሞቶ ሊሆን ስለሚችል የካውንቲውን የኑዛዜ መዝገብ ይመልከቱ። ፔንሲልቬኒያ ውስጥ የሙት ልጆች ፍርድ ቤት የሚባል አለ፤ እናት በሕይወት ብትኖርም እንኳ አባቱ ለሞተበት ልጅ ሞግዚት ይሾም ነበር። ርስት ሲከፈል ወራሾቹ በስም ስለሚጠቀሱ፣ ከእነርሱ አንዱ ኦሃዮ የሚኖር ተብሎ እንደሆነ ይፈልጉ።