በ10 ባር ግፊት ነበልባሉ የሚጠፋበት ወሰን ግራ አጋባኝ

ከጎንደር ነው። ሚቴንን ከአንድ ወገን፣ የኦክስጅንና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ቅልቅልን ከሌላው ፊት ለፊት እያጋጨሁ ነበልባሉ የሚጠፋበትን ወሰን በኮምፒውተር እያሰላሁ ነው። በ0.78 ባር (የከተማችን የአየር ግፊት ገደማ) ሁለቱም ወሰኖች ይወጣሉ፦ ፍሰቱ ሲፈጥን ለመቃጠል ጊዜ ያጥረዋል፤ ሲዘገይ ሙቀቱን በጨረር ይነጠቃል።

ችግሬ 10 ባር ላይ ነው። ጨረሩ ሁሉ እንደሚያመልጥ አድርጌ ስለቆጠርኩ የዘገየው ወሰን እምብዛም አልተነቃነቀም፤ የሚጠፋውም ሙቀት፣ ሙቀቱን የሚይዘው ጋዝም በግፊቱ ልክ ይጨምራሉና። ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የራሱን ጨረር መልሶ ይውጣል፣ ግፊት ሲበዛማ ይብሳል! ስለዚህ ነበልባሉ በዝግታም መቆየት ነበረበት።

መልሶ መዋጡን ለማስገባት የግራጫ ጋዞች ድምር (ጋዙን በሁሉም የሞገድ ርዝመት ጨረርን እኩል የሚውጡ ጥቂት ምናባዊ ጋዞች ድምር አድርጎ የሚቆጥር ስሌት) ይበቃል? ያሉኝ ቁጥሮች ለ1 ባር የተዘጋጁ ናቸው። ወይስ ጨረሩን በሞገድ ርዝመት መከፋፈል ግድ ነው? የሠራችሁበት ካላችሁ እባካችሁ።