«ማታ ሰክቶ መተኛት ነው»

የኮዬ ፈጬ ባለ አይሱዙ፦ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቷል። አንዱ እንግዳ «የድርጅት መኪና ሁሉ በኤሌክትሪክ እንዲቀየር በሕግ ይገደድ። ምን ያስቸግራል? ማታ ሰክቶ መተኛት ነው» አለ። ሹፌሩ ሳቀ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ሁለት አይሱዙ አሉኝ፣ ከገላን ብረትና ሲሚንቶ አመላልሳለሁ። የት ነው የምሰካው?

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ሰውየው ልክ ነው። ጥር 2016 የቤንዚንና የናፍታ አውቶሞቢል አይገባም ሲባልም እንዲሁ ተንጫጭታችሁ ነበር። ነዳጅ በዶላር ይገዛል፣ መብራት የራሳችን ነው። ሕዳሴ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የተመረቀው ለፎቶ ነው እንዴ?

ባለ አይሱዙ፦ እህቴ፣ 5150 ሜጋ ዋቱ ያለው ጉባ ነው። እኔ ያለሁት ኮዬ። መሀል ላይ ትራንስፎርመር የሚባል ነገር አለ። የኛ ሰፈሩ እንጀራ መጋገሪያ ሲበዛበት እንኳ ይወድቃል። አሁንም የት ልሰካ ነው ጥያቄዬ።

ቱሉ ዲምቱ፦ እኛ ብሎክ አንዱ ሰክቶ ተኝቶ ነበር 😂 ከ3ኛ ፎቅ በመስኮት ገመድ አውርዶ፣ የሰው ልብስ ማስጫ ላይ አሳልፎ። ዝናብ ሲመጣ ብሎኩ በሙሉ ወጣ። ኮሚቴው አስነቀለው።

የሰበታው፦ ካሊፎርኒያ እንኳ አልቻለችም። በፈረንጆቹ 2023 ለጭነት ድርጅቶች እንዲህ ዓይነት ደንብ አጽድቃ፣ ጥር 2025 ላይ ከፌዴራል መንግሥት የጠየቀችውን ፈቃድ ራሷ ሳበች።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ የሳበችው ትራምፕ ሊገባ ስለሆነ ነው፣ መኪናው ስላልሠራ አይደለም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት መኪኖች ላይ ያለውን ደግሞ አልተወችም። ግማሹን አታውራ።

ባለ አይሱዙ፦ ተባረኪ! እኛም ከመንግሥት መኪና እንጀምራ። ኃላፊዎቹ መጀመሪያ ሰክተው ይተኙ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ አንተ የናፍታ ሰልፍ ላይ ስታድር ግን ምንም አትልም።

ባለ አይሱዙ፦ ሰልፍ ላይ አድሬ ጠዋት እቀዳለሁ። መብራት ጠፍቶ ካደረ ጠዋት ምን ይዤ ልውጣ? ባንኩ የወር ክፍያዬን «ሰክቶ ተኝቶ ነበር» ብሎ ይምረኛል?

የሰበታው፦ አዲሱን መኪና በምን ብር እንደሚገዛ የጠየቀ አለ?

3ኛ ፎቅ፦ ባለ ገመዱ እኔ ነኝ። ቆጣሪው የራሴ፣ የምከፍለውም እኔ። ልብስ ማስጫ ላይ አላለፈም።

ቱሉ ዲምቱ፦ አልፏል። የእናቴ ነጠላ ላይ። ፎቶ አለኝ።

3ኛ ፎቅ፦ ለጥፈዋ።