ዮጋ ልጀምር ነው፤ የትኛው ክፍል ይሻለኛል?

ጀማሪዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ዕድሜዬ 43 ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነኝ። ወገቤ ደርቋል። ጎንበስ ስል እጄ ከጉልበቴ ብዙም አይወርድም።

ባለፈው ሳምንት «ለሁሉም የሚሆን» የተባለ የቪንያሳ ክፍል ገባሁ። ከ30 ሰው በላይ ነበርን። አስተማሪዋ ፊት ሆና ትሠራለች፣ እኛ እንከተላለን። እኔ አንዱን ሳልጨርስ እነሱ ሦስተኛው ላይ ደርሰዋል። በማግስቱ የእጄ አንጓ ኩባያ ማንሳት እስኪያቅተኝ ታመመ። ከፍቶኝ አለቀስኩ።

መተው ግን አልፈልግም። መጨረሻ ላይ በጀርባችን ተኝተን ዝም ባልንባት አምስት ደቂቃ፣ ለወራት ያጣሁትን እረፍት አግኝቻለሁ። ሀታ፣ አየንጋር፣ ዪን የሚሉ የዮጋ ዓይነቶች ስም እያየሁ ግራ ገባኝ። ከየቱ ልጀምር?

ቀስ በቀስ
አይዞሽ እህቴ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ቪንያሳ ላይ እንቅስቃሴው ትንፋሽን እየተከተለ ሳያቋርጥ ይሄዳል። አቋሞቹን ለሚያውቅ ሰው ደስ ይላል። ለጀማሪ ግን ፊደል ሳይቆጥሩ ደብዳቤ አንብብ እንደመባል ነው።

እኔ በአየንጋር ጀምሬ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ስሙ የመጣው ከአስተማሪው ከቢ. ኬ. ኤስ. አየንጋር (1918–2014) ነው። በልጅነታቸው ወባና ሳንባ ነቀርሳ ያደቀቃቸው ሰው ነበሩ። እምቢ የሚል ሰውነት ምን እንደሆነ ያውቁታል። ክፍሉ ውስጥ ብሎክ (እንደ ጡብ ያለ መደገፊያ)፣ ቀበቶ፣ ብርድ ልብስና ወንበር አለ። እጅሽ መሬት ካልደረሰ ብሎኩ ከፍ ብሎ ይጠብቅሻል። የመጀመሪያ ቀን አስተማሪዬ ሁለት ብሎክ ከእጄ ሥር አስገብታ «ጉልበትሽን ትንሽ እጠፊ» አለችኝ። ወገቤ ሲላቀቅ ያን ጊዜ ነው የተሰማኝ።

አንጓሽን የጎዳው እጅና እግር ተክለሽ ዳሌሽን ወደ ላይ የምታነሺበት አቋም ሳይሆን አይቀርም። ክብደቱ ሁሉ ከአንጓሽ አጠገብ ባለው የመዳፍሽ ሥር ላይ ሲወድቅ ያማል። ጣቶችሽን በደንብ ዘርግተሽ የአውራ ጣትና የአመልካች ጣት ሥርን ተጫኚ። እስኪሻልሽ ግን ግድግዳ ላይ ሥሪው። ሁለት መዳፍሽን ግድግዳው ላይ አድርገሽ፣ ጀርባሽ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ እስኪሆን ወደ ኋላ ሂጂ። ሕመሙ ከቆየ ሐኪም ይየው።

ከስሙ በላይ ግን አስተማሪዋን ምረጪ። ሳትመዘገቢ ደውለሽ ስንት ሰው እንደሚገባ፣ በመሃል እየዞረች ታስተካክል እንደሆነ ጠይቂ። የ200 ሰዓት የአስተማሪነት ሥልጠና ወስጃለሁ ብትልሽ መነሻ ነው እንጂ ሁሉም ነገር አይደለም። እኔ የማየው አንድ ነገር ነው፦ ክፍሉ ሳይጀመር «የሚያመው ሰው አለ?» ብላ ትጠይቃለች? ካልጠየቀች ተመልሼ አልሄድም። ከተቻለ ደግሞ ለጀማሪዎች ብቻ የተዘጋጀ፣ ያው ሰው አብሮ ለሳምንታት የሚማርበት ይሁንልሽ።

የማታ ተማሪ
በቀስ በቀስ ሐሳብ እስማማለሁ። ሀታ የሚባለውም ብዙ ጊዜ ዝግ ያለ ስለሆነ ይሆንሻል። ዪን ላይ አንድ አቋም ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይያዛል። ለደከመ ሰው መድኃኒት ነው፤ መቆምና ማመጣጠን ግን አያስተምርሽም። 40 ዲግሪ በሞቀ ክፍል የሚሠራውን ለጊዜው ተይው። ሙቀቱ ከአቅምሽ በላይ እንድትለጠጪ ያታልልሻል። ከመግባትሽ በፊት ሁለት ሦስት ሰዓት ከባድ ነገር አትብዪ።

ጀማሪዋ
እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ሦስት ቦታ ደወልኩ። ሁለቱ «ዝም ብለሽ ነይ» አሉኝ። ሦስተኛዋ አስተማሪ ስምንት ሰው ብቻ እንደምትቀበል ነግራኝ፣ ስለ አንጓዬ ረጅም ሰዓት ጠየቀችኝ። ማክሰኞ እጀምራለሁ። ብርድ ልብስ ከቤት ልያዝ?

ቀስ በቀስ
እዚያ አይጠፋም። ካልሲ ግን ያዢ። ዮጋው በባዶ እግር ነው፣ መጨረሻ ላይ ስትተኚ ግን እግር ይበርዳል።