ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር የማንን እንጀራ ይዘጋል?

ሶፍትዌር ሠሪው፦

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ቡድን ውስጥ አንድ ወንድማችን «ማይክሮሶፍትና አዶቤ ከእኛ ኪስ የሚጠብቁት ነገር የለም፤ ክራክ፣ ማለትም መቆለፊያው ተሰብሮ ያለ ክፍያ የሚሠራ ቅጂ፣ ብንጠቀም ማን ይጎዳል?» ብሎ ጠይቆ ብዙ ሰው ደግፎታል። እኔ አልደገፍኩም፤ ምክንያቴን ልጻፍ።

ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ለአነስተኛ ነጋዴዎች የሚሆን የሂሳብ ሶፍትዌር እሠራለሁ። በአማርኛ ይሠራል፣ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ይይዛል፣ የተጨማሪ እሴት ታክሱን ለይቶ ያወጣል። ገዢ ዘንድ ስሄድ ዋጋዬን የሚያወዳድሩት ግን ከውጭው ሶፍትዌር ዋጋ ጋር አይደለም፤ ከዜሮ ጋር ነው። «ፒችትሪ በፍላሽ ተጭኖልን እየሠራ አይደል? ለምን ብለን እንከፍላለን?» ይሉኛል። ፒችትሪ የተባለው የውጭ የሂሳብ ሶፍትዌር በተሠራበት አገር ስሙ ተቀይሮ ሴጅ 50 ከተባለ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗል። እኛ ዘንድ ግን እ.ኤ.አ. የ2010 ቅጂው ዛሬም በየማሠልጠኛው ይሰጣል፤ በክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ላይም «የፒችትሪ ዕውቀት ያለው» ተብሎ ይጻፋል።

ኩባንያው ከክራኩ አንድ ብር አላገኘም፤ ገበያውን ግን ይዞታል። ከገበያው የወጣው እዚሁ ተወልዶ እዚሁ የሚሠራው ሰው ነው። የእርዳታ ስንዴ በመኸር ሰሞን ገበያ ላይ ሲፈስ የገበሬው እህል ምን እንደሚሆን እናውቃለን። በሶፍትዌርም የሆነው ይኸው ነው።

የሂሳብ ባለሙያዋ፦

ወንድሜ፣ ድካምህ ይገባኛል። እኔ ግን ሥራ የተቀጠርኩት ፒችትሪ ስለማውቅ ነው። የተማርኩበት ማሠልጠኛ ኮምፒውተሮች ላይ የነበረው ሁሉ ክራክ ነበር፤ አብረውኝ የተማሩት ልጆች ዛሬ በዚያ ዕውቀት ቤተሰብ ያስተዳድራሉ። ያኔ «ግዙ» ብንባል በምን እንገዛው ነበር? በውጭ አገር የሚሠራ የባንክ ካርድ የያዘ ሰው በሰፈራችን አልነበረም። የውጭ ምንዛሪ ለመድኃኒት አስመጪ እንኳ በወረፋ ነበር። ክራኩ ባይኖር ኖሮ የአገር ውስጥ ሶፍትዌር እንማር ነበር ብለህ አታስብ፤ በእጅ ሌጀር እንጽፍ ነበር።

ደግሞም ሰው ፒችትሪን የሚመርጠው በነፃ ስላገኘው ብቻ አይደለም። ኦዲተሩ ያውቀዋል፤ አዲስ የሚቀጠረው ያውቀዋል፤ ሲበላሽ የሚያስተካክለው አይጠፋም። መከራም አለው፣ አልክድም። ሐምሌ 1 የሚጀምረውን የበጀት ዓመት በፈረንጅ ቀን አስልተን እናስገባለን፤ ሰኔ 30 የምንዘጋው ሂሳብ ጁላይ 7 ሆኖ ይወጣል። የደመወዝ ክፍሉ ለአሜሪካ ግብር የተሠራ ስለሆነ ደመወዙን በኤክሴል ሠርተን ድምሩን ብቻ እንመዘግባለን። ይህን ሁሉ ችለን የቆየነው ስለለመድነው ነው።

የሕግ ተማሪ፦

ሕጉን ማንም ስላላነሳው ልጨምር። «ሕገወጥ ነው» የሚለው ቃል በቀላሉ ይነገራል፤ አዋጁን ሲያነቡት ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል። የማንን ፕሮግራም? አንቀጽ 3ን እዩ። የሥራ አመንጪው ኢትዮጵያዊ ወይም ዋና መኖሪያው ኢትዮጵያ የሆነ፣ ወይም ሥራው መጀመሪያ ኢትዮጵያ ውስጥ የወጣ፣ ወይም ውጭ አገር ወጥቶ በ30 ቀን ውስጥ እዚህም የወጣ መሆን አለበት። ሌላው የውጭ ሥራ የሚጠበቀው አገራችን በገባችበት ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ የአገሮች ዋነኛ የቅጂ መብት ስምምነት የሆነውን የበርን ስምምነት ሳትቀላቀል ነው ይህን ሁሉ ዘመን የኖረችው።

ስለዚህ በአገራችን ሕግ ፊት ፎቶሾፕን ከሚቀዳው ይልቅ ፓወር ግእዝን የሚቀዳው ነው በግልጽ የሚጠየቀው። አዋጁ መጀመሪያ ሲወጣ ሆን ብሎ መብት ለሚጥስ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ደንግጎ ነበር። እስቲ በሐቅ እንነጋገር፤ ፓወር ግእዝን ከጓደኛው ፍላሽ ሳይሆን ገዝቶ የጫነ ስንት ጸሐፊ ታውቃላችሁ? አማርኛችንን የምንጽፍበትን የአገር ልጅ ሥራ!

ይህ ሁኔታም እንደዚህ አይቀጥልም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ስንደራደር ቆይተናል። አባልነቱ ሲሳካ የበርን ስምምነት ዋና ዋና ግዴታዎች አብረው ይመጣሉ። ያኔ በየመሥሪያ ቤቱ ያለው ክራክ በሙሉ በአንድ ጊዜ የሕግ ጥያቄ ይሆናል።

የፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤት፦

እኔ ስለ ጨዋታው ልናገር። አንድ አዲስ የፕሌይስቴሽን 5 ጨዋታ በአሜሪካ 70 ዶላር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ይህ ገንዘብ ብዙም ሳይቆይ ከ8,000 ብር በላይ ሆነ። ልጆቹ እኔ ጋ የሚከፍሉት በጨዋታ ነው፤ ሁለት ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ የተሸነፈው ይከፍላል። በዚህ ሂሳብ 8,000 ብር መቼ እንደሚመለስ አስቡት። የፕሌይስቴሽን 2 ዘመን ማሽኑ የተቀዳ ዲስክ እንዲያነብ ቺፕ ተደርጎበት ይመጣ ነበር፤ የተቀዳውን ዲስክ ማንም ይገዛው ስለነበር በየሰፈሩ ቤት ተከፈተ። የእኔም ቤት እንዲሁ ነው የጀመረው። ሰው ሥራ ፈጠረበት፤ ልጆች ከመንገድ ገቡበት። ይህን ሌብነት ብላችሁ ስትጠሩት ያመኛል።

ጌም ተጫዋች፦

ጋሼ እውነት አላቸው። ስቲም የተባለውን የጨዋታ መሸጫ የሚመራው ጌብ ኒውዌል እ.ኤ.አ. በ2011 የተናገረው ይታወቃል፤ ሰው ሰርቆ የሚጫወተው በአብዛኛው በዋጋው ሳይሆን በአገልግሎቱ ምክንያት ነው ብሎ ነበር። ሩሲያን ምሳሌ አድርጎ፣ ሌሎች «እዚያ ሁሉም ይሰርቃል» ብለው የተዉትን ገበያ በሰዓቱ በማቅረብ እንዳገኙት ተናግሯል። እኛ ዘንድ ግን ስቲም ዋጋውን በዶላር ያሳያል፣ ክፍያውን በውጭ ካርድ ይጠይቃል። በቴሌብር ልክፈል ብል መንገድ የለኝም። ሱቁ ዘግቶብኝ ሲያበቃ «ለምን በመስኮት ገባህ?» ሊለኝ አይገባም።

ኮምፒውተር ጠጋኝ፦

ሁላችሁም «በነፃ» ትላላችሁ። በነፃ የሚባል ነገር የለም፤ እኔ ጋ የሚመጣውን እኔ አውቃለሁ። አንድ አነስተኛ ማተሚያ ቤት ኮምፒውተሩን ይዞልኝ መጣ። የደንበኞቹ ዲዛይን፣ የሠርግ ካርዱ፣ የመጽሔቱ ገጽ፣ ሁሉም ፋይል ከስሙ በስተኋላ የማይታወቁ ፊደላት ተጨምረውበት አልከፈት አለ። በየፎልደሩ «ሪድሚ» የሚል አንድ የጽሑፍ ፋይል ተቀምጧል። ሲከፈት «ፋይልህን ለማስመለስ 980 ዶላር ክፈል፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ከሆነ 490» ይላል። ስቶፕ ወይም ጁቩ የሚባለው ቫይረስ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚገባው በክራክና ዊንዶውስን ያለ ክፍያ በሚያሠራው አክቲቬተር ውስጥ ተሸሽጎ ነው። አክቲቬተሩን ለመጫን ደግሞ መጀመሪያ «ፀረ ቫይረሱን አጥፋ» ይላል፤ ሰውም እሺ ብሎ ያጠፋል!

ከፋይሉ ጥቂቱን አተረፍኩ፤ አብዛኛው ጠፋ። የባለቤቱን ፊት ያየ ሰው ክራክ ነፃ ነው አይልም።

ሙዚቃ አቀናባሪ፦

በእኛ ሙያ ክርክሩ አርጅቷል። የካሴት ዘመን አልበም በወጣ ማግሥት ቅጂው አደባባይ ላይ ይሸጥ ነበር። የ1996ቱ አዋጅ ከመውጣቱ በፊት ሙዚቀኞች አዲስ ሥራ አናወጣም ብለው እስከማቆም ደርሰዋል። ከዚያ ሲዲ መጣ፣ ቀጥሎ ፍላሽና ሚሞሪ ላይ በጅምላ የሚጭኑት ሱቆች፣ አሁን ቴሌግራም። አንድ ሰው አልበሙን ገዝቶ ቻናሉ ላይ ይለጥፈዋል፤ በደቂቃ ውስጥ ሁሉም ጋ ነው።

ኤልያስ መልካ ከነጆኒ ራጋና ኃይሌ ሩትስ ጋር ሆኖ በ2011 ዓ.ም. አውታር የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ያስጀመሩት ለዚህ ነው፤ አድማጩ ከስልክ ሂሳቡ ጥቂት ብር ከፍሎ ከባለቤቱ እንዲገዛ። ኤልያስ በቀጣዩ ዓመት መባቻ፣ በመስከረም 2012 አረፈ። ያ ሰው ለስንቱ ዘፋኝ ሲያቀናብር ኖሮ በመጨረሻ ዕድሜው ጉልበቱን ያፈሰሰው የሙዚቃ ሰው ከሙዚቃው እንዲበላ መሆኑን ሳስብ፣ አልበም ቴሌግራም ላይ የሚለጥፉትን ይቅር ማለት ያቅተኛል። ለጨዋታና ለፎቶሾፕ «መክፈያ የለንም» የምትሉትን እሰማለሁ። ለአማርኛ ዘፈን ግን መክፈያው በእጃችሁ ባለው ስልክ ውስጥ ነው።

ከሪያድ፦

ወንድሜ፣ ሁላችንን በአንድ ላይ አትክሰስ። እኔ በሰው ቤት የምሠራ ነኝ፤ ለአገሬ ዘፈንና ፊልም መክፈል እፈልጋለሁ። አንድ የአገር ቤት መተግበሪያ አውርጄ ስሞክር የኢትዮጵያ ስልክ ቁጥርና የአገር ቤት ክፍያ ጠየቀኝ። ጓደኛዬ በቴሌግራም ላከችልኝ፤ ሰማሁት። ገንዘቡ አለኝ፤ የሚቀበለኝ ነው የጠፋው።

ሙዚቃ አቀናባሪ፦

እህቴ፣ ይህ ጥፋት የእኛው ነው። ውጭ ያለውን አድማጭ የረሳ መተግበሪያ ግማሽ ገበያውን ነው የጣለው። እስኪስተካከል ድረስ ዩቲዩብ ላይ ከባለሙያው ከራሱ ቻናል አዳምጪ እንጂ ቀድቶ ከለጠፈው አይሁን። ማስታወቂያው ለባለቤቱ ገቢ ያመጣል።

ጡረተኛው መምህር፦

አንድ ጥናት ላንሳ። የአውሮፓ ኮሚሽን ኤኮሪስ ለተባለ ድርጅት 360,000 ዩሮ ከፍሎ ያስጠናው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ሆኗል። ሕገወጥ ቅጂ በአጠቃላይ ሽያጭን ስለመቀነሱ ጠንካራ ማስረጃ አላገኘም፤ በአዳዲስ ተወዳጅ ፊልሞች ላይ ግን ጉዳቱ ታይቷል፤ በሕገወጥ መንገድ ለታዩ አሥር ፊልሞች አራት ያህል ሕጋዊ ዕይታ ይቀራል። ይህን የምጠቅሰው «ሁሉም ቅጂ የጠፋ ሽያጭ ነው» የሚለውን ስሌት ላለመቀበል ነው። ጥናቱ የተሠራው ግን ሰው መግዛት በሚችልባቸው አገሮች ነው፤ የሶፍትዌር ሠሪውን ሐሳብ አያፈርሰውም። እሱ የሚለው ስለ ውጭው ኩባንያ ሽያጭ አይደለም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ለተማሪዎቻችን የስታትስቲክሱን ኤስፒኤስኤስንና የካርታ ሥራውን አርክጂአይኤስን ከነክራኩ እያደልን አስተማርን። ያንኑ ሥራ የሚሠሩት አር እና ኪውጂአይኤስ በሕጋዊ መንገድ፣ ያለ ክፍያ፣ ማንም ሊያወርዳቸው የሚችሉ ሆነው ሳለ! በማይክሮሶፍት ኦፊስ ፈንታ የሚያገለግለው ሊብሬኦፊስም እንዲሁ። ድሀ አገር ሊጠቀምበት የሚገባው መንገድ ክፍት ነበር፤ ክራኩ ስለቀለለን ዘለልነው።

የሂሳብ ባለሙያዋ፦

መምህር፣ ያሉት ልክ ነው፤ ግን ተማሪው አርን ተምሮ ሲወጣ ማስታወቂያው ኤስፒኤስኤስ ይለዋል። ቀጣሪው ካልተለወጠ ተመራቂው ብቻውን ምን ያደርጋል?

ሶፍትዌር ሠሪው፦

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። እኔ የተማሪውን ላፕቶፕ ለመፈተሽ አልመጣሁም፤ የጋሼን ፕሌይስቴሽን ቤትም ማንም እንዲዘጋው አልፈልግም። የምከሰው ለሥራ አስኪያጁ ላንድክሩዘር እየገዛ የሂሳብ መዝገቡን በፍላሽ በመጣ ክራክ የሚይዘውን ድርጅት ነው። እሱ መክፈያ አጥቶ አይደለም፤ ለእኔ በብር፣ በቼክ፣ በቴሌብር መክፈል ይችላል። የምከሰው ክፍያ ተቀብሎ ክራክ የሚያስተምረውን ማሠልጠኛም ነው፤ ወንበሩን ገዝቷል፣ ኮምፒውተሩን ገዝቷል፣ የሚያስተምረውን ነገር ብቻ አልገዛም። የመንግሥት መሥሪያ ቤትም በጨረታው ላይ የአንድን የውጭ ሶፍትዌር ስም ከሚጽፍ የሚፈልገውን ሥራ ይዘርዝር፤ እኛም እንወዳደር።

ስለ አንቀጽ 3 የተነገረው ጠቅሞኛል። «ሕጉ አይከለክለኝም» የሚል ሰው ካለ፣ ያው ሕግ የእኔን ሥራ መቅዳት እንደሚከለክለው ይወቅ። ባለፈው ዓመት የሸጥነው አንድ ቅጂ በሦስት ድርጅቶች ተጭኖ አግኝተነዋል። አንዱ ደውሎ «አይሠራልኝም፣ ና አስተካክልልኝ» ነው ያለኝ።

የሂሳብ ባለሙያዋ፦

በዚህ እስማማለሁ፤ ድርጅት ይክፈል። የእኛ መሥሪያ ቤት አዲሱን በጀት ሳያጸድቅ ጉዳዩን ለአለቃዬ ላቀርብ እችላለሁ። ግን መልስ የምፈልግባቸው ነገሮች አሉ። በፒችትሪ ያለውን የአምስት ዓመት መዝገብ ወደ እናንተ ማዛወር ይቻላል? ተቀናሽ ግብሩን በደረሰኝ ለይቶ ያወጣል? የግብር ተመን በአዋጅ ሲቀየር ማስተካከያው በስንት ቀን ይደርሰናል? ደግሞ አትቀየመኝ፤ ከሦስታችሁ ሁለቱ ነገ ውጭ አገር ቢሄዱ ሶፍትዌሩን ማን ይዞት ይቀጥላል? ከዚህ በፊት ከአገር ውስጥ ገዝተን ሠሪው ስልኩን ዘግቶ የጠፋብን አለ።

ሶፍትዌር ሠሪው፦

መዝገቡን በኤክሴል አውጥታችሁ ከሰጣችሁን እናዛውረዋለን፤ የመነሻ ሚዛኑን ግን አንቺ ፈርመሽ ታረጋግጪዋለሽ። ተቀናሹ በደረሰኝ ይለያል። የተመን ለውጡን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ከቅንብሩ ላይ ራስሽ ትቀይሪዋለሽ። የመጨረሻው ጥያቄሽ ከሁሉም ይበልጣል፤ በውላችን ላይ ሥራ ካቆምን ኮዱን ለደንበኞቻችን እንደምናስረክብ እንጽፋለን። ውሉን አሁን በግል መልእክት ልኬልሻለሁ፤ የሕግ ተማሪውም ቢያየው ደስ ይለኛል።